ማሲንቆና የመዳፍ ኮምፒውተር፦ ድምፅን በቅጽበት ስለሚለውጥ ሶፍትዌር

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ከተሞች፣ በደጎሎም ሆነ በመካነ ሰላም፣ የሠርግ ዳስ ሲጣል ከሸራውና ከወንበሩ ጋር ብዙውን ጊዜ አብሮ የሚገባው የድምፅ ዕቃ ማይክሮፎን፣ ሚክሰር፣ አምፕሊፋየርና ስፒከር ሲሆን፣ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የአድማጩን ጆሮ የምትገዛው ግን ሚክሰሩ ላይ ያለችውና በተለምዶ «ኢኮ» የምትባለው አንዲት ማዞሪያ ናት። ይህች ማዞሪያ በማይክሮፎን የገባውን ድምፅ ጥቂት አቆይታ ደጋግማ ስለምትመልሰው፣ በጠባብ ዳስ ውስጥ የሚያዜመው አዝማሪ በገደል አፋፍ ላይ የቆመ ይመስላል። ድምፅን እየለወጠ የሚያሳልፍ እንዲህ ያለ አሠራር በሙያው «ኢፌክት» ይባላል፤ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ የሚሰማውን ረዘም ያለ ቅሪተ ድምፅ የሚፈጥረው ሪቨርብ፣ ድምፅን የሚያሻክረው ዲስቶርሽን፣ አንዱን ድምፅ የብዙ ሰዎች የሚያስመስለው ኮረስ፣ የዘፋኙን ቃና ወደ ተወሰነ ኖታ የሚስበው ኦቶቲዩንም ከዚሁ ወገን ናቸው። ቀድሞ እያንዳንዳቸው ለየብቻ በተሠራ ሣጥን ይከናወኑ የነበሩት እነዚህ ሥራዎች ዛሬ መዳፍ በሚያህል፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተሠርቶ ባለቀ ኮምፒውተር ሊከናወኑ የሚችሉ ሲሆን፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ሶፍትዌሩ በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለወሎ ዜማና ለወሎ ዳስም ምን ሊጠቅም እንደሚችል ነው።

ድምፅን አስጊጦ ማውጣት ከኤሌክትሪክ ጋር የመጣ ነገር አለመሆኑን በገና ይመሰክራል። ዐሥሩ የበገና አውታሮች በብርኩማው ላይ ሲያርፉ በመካከላቸው እንዝራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ አውታሩ በተነካ ቁጥር ከእንዝራው ጋር እየተጋጨ ያንን የታወቀ የሚንዘረዘር ድምፅ ይሰጣል፤ እንዝራው ጥቂት ዝንፍ ካለ ግን ድምፁ ይደነዝዛልና ደርዳሪው ከመዝሙሩ በፊት ቁራጮቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየገፋ ቦታ ቦታቸውን ያስይዛቸዋል። ዛሬ በሶፍትዌር ቁጥር በመለዋወጥ የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ይኸው የእንዝራ ማበጀት ነው፤ ድምፁ ምን ያህል ይሻክር፣ ምን ያህል ይቆይ የሚለውን የሚወስነው ያው የተጫዋቹ ጆሮ ነውና።

በኤሌክትሪኩ ዘመን ታሪኩ ፈጠን ይላል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ማንፍሬድ ሽሮደር፣ ድምፅን ርዝመታቸው እርስ በርሱ በማይገጥም በርካታ አጫጭር የኢኮ ዑደቶች በማሳለፍ የአዳራሽን ቅሪተ ድምፅ በስሌት ብቻ መፍጠር እንደሚቻል አሳየ። ይህ ሐሳብ ለገበያ የሚቀርብ ዕቃ እስኪሆን ዐሥር ዓመት በላይ ፈጅቶ፣ ኢ.ኤም.ቲ. 250 የተባለው የመጀመሪያው ዲጂታል ሪቨርብ በ1976፣ ሌክሲከን 224 ደግሞ በ1978 እ.ኤ.አ. ወጡ፤ ሁለቱም የትልልቅ ስቱዲዮዎች ንብረት ነበሩ እንጂ በአንድ ሙዚቀኛ አቅም የሚገዙ አልነበሩም።

ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችም ከዚህ ጉዞ ውጭ አልነበሩም። መቀመጫውን ለንደን ያደረገውና በተመስገን ዘለቀ የሚመራው ክራር ኮሌክቲቭ ክራርን በኤሌክትሪክ አጠናክሮ በ2012 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ ሱፐር ክራር» የተሰኘ አልበም አውጥቷል። በአዲስ አበባ ደግሞ «ኢትዮጵያን ሬኮርድስ» በሚለው የመድረክ ስሙ የሚታወቀው እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ፣ የባህል መሣሪያዎችንና የአዝማሪ ድምፅን በኮምፒውተር እየቆራረጡና እየቀጣጠሉ የሠሯቸው ሥራዎች ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውጭ አሳታሚዎች በኩል ለዓለም አድማጭ ደርሰዋል። ይሁን እንጂ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅን ቀርጾ፣ ኮምፒውተሩ እስኪያሰላ ታግሦ፣ ካልጣመ ደግሞ አፍርሶ መሥራት አንድ ነገር ሲሆን፣ ተጫዋቹ አውታሩን በነካበት ቅጽበት የተለወጠው ድምፅ ከስፒከሩ እንዲወጣ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው «በቅጽበት የሚሠራ» የሚባለው ዓይነት ነው፤ አስቸጋሪውም እሱ ነው።

አነስተኛ ኮምፒውተሮቹ ወደዚህ ሥራ የገቡት ሳይታሰብ ነው ማለት ይቻላል። ከሁሉም የታወቀው ራዝቤሪ ፓይ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ተነድፎ በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. በ35 ዶላር ዋጋ ለገበያ ሲቀርብ፣ የተጠነሰሰበት ዓላማ ልጆችን ፕሮግራም መጻፍ ለማስተማር ነበር። የመጀመሪያው ሞዴል በሴኮንድ 700 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ባለ አንድ አንጎል ፕሮሰሰርና 256 ሜጋባይት ማስታወሻ ነበረው፤ በ2019 የወጣው ራዝቤሪ ፓይ 4 ባለ አራት አንጎል ሆኖ እያንዳንዱ በሴኮንድ 1.5 ቢሊዮን፣ በ2023 የወጣው ራዝቤሪ ፓይ 5 ደግሞ 2.4 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል። ኢኮ ብዙ ማስታወሻ የሚጠይቅ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሁለት ሴኮንድ ሙሉ የሚዘገይ ኢኮ ለማቆየት የሚያስፈልገው 400 ሺህ ባይት እንኳ ስለማይሞላ፣ ያ የመጀመሪያው ሞዴል ራሱ ከበቂ በላይ ቦታ ነበረው።

ስለዚህ ጥያቄው የአቅም ማነስ ካልሆነ ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ድምፅ በኮምፒውተር ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። ማይክሮፎን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው ድምፅ በሳውንድ ካርድ ውስጥ በሴኮንድ ብዙውን ጊዜ 48,000 ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥርነት ይለወጣል፤ እያንዳንዱ ልክ ናሙና ይባላል። ኮምፒውተሩ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ለመቀበል ስለማይመቸው የተወሰነ ያህል እስኪጠራቀሙ ይጠብቅና በአንድ ጊዜ አንሥቶ፣ ኢፌክቱን አስልቶ፣ ውጤቱን ወደ ስፒከር በሚወስደው መስመር ላይ ያስቀምጣል። የሚጠራቀሙበት ቦታ በፈር ይባላል። በፈሩ 64 ናሙና የሚይዝ ከሆነ በ1.33 ሚሊሴኮንድ፣ ማለትም ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ይሞላል፤ 1,024 የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ለመሙላት 21 ሚሊሴኮንድ ያህል ይወስዳል። አንዱ በፈር ሲሞላ የቀድሞው ስሌት ተጠናቆ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ስፒከሩ የሚያሰማው አጥቶ ለቅጽበት ዝም ይላል፣ ይህም ለጆሮ «ጧ» የሚል ስንጥቅ ሆኖ ይሰማል።

በሴኮንድ 1.5 ቢሊዮን ጊዜ የሚመታ ፕሮሰሰር በ1.33 ሚሊሴኮንድ ውስጥ ሁለት ሚሊዮን ምት ይመታልና 64 ናሙናዎችን ለማስላት ይህ ለአንድ ኢኮ ቀርቶ ለተደራረቡ ብዙ ኢፌክቶችም የሚተርፍ ነው። እንቅፋቱ ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ሌላ ሥራ ላይ ሊሆን መቻሉ ነው፤ የዋይፋዩ ክፍል መልእክት ሲቀበል፣ ከሚሞሪ ካርዱ ፋይል ሲነበብ፣ ስክሪኑ ሲታደስ ወይም ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲል ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ሲያርፍ፣ የድምፁ ሥራ ለጥቂት ሚሊሴኮንድ ተራ ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ በአማካይ ፈጣን መሆኑ እዚህ ላይ አያድነውም፤ መቶ ጊዜ በትክክል መትቶ በመቶ አንደኛው የሚዘገይ ከበሮ መቺ ወረቡን እንደሚያበላሸው ሁሉ፣ በሴኮንድ 750 ጊዜ ሰዓቱን አክብሮ አንድ ጊዜ የሚያሳልፍ ኮምፒውተር ለመድረክ አይሆንም። በሙያው ዘንድ «በቅጽበት» የሚለው ቃልም ፍጥነትን ብቻ ሳይሆን ቀጠሮ አለማፍረስን የሚያመለክት ነው።

በፈሩን ማስፋት ስንጥቁን ያጠፋዋል፤ ዋጋው ግን መዘግየት ነው። በፈሩ 128 ናሙና ቢሆንና በመግቢያው አንድ፣ በመውጫው ሁለት በፈር ቢሰለፍ ድምፁ 8 ሚሊሴኮንድ ይቆያል፤ የሳውንድ ካርዱ የራሱ መዘግየት ሲጨመርበት 10 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይሆናል። ይህ ቁጥር በርቀት ሲተረጎም ግልጽ ይሆናል፤ የሙቀት መጠኑ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት የደጋ አየር ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛልና፣ 10 ሚሊሴኮንድ መዘግየት ማለት ተጫዋቹ ከስፒከሩ 3.4 ሜትር ርቆ ከመቆሙ አይለይም። በቆላው ሙቀት ድምፅ ጥቂት ይፈጥናል፤ ልዩነቱ ግን ጆሮ የሚለየው አይደለም።

ይህን ያህል መዘግየት የሚታገሥና የማይታገሥ መሣሪያ አለ። ማሲንቆ በጭራ ደጋን የሚገዘገዝ በመሆኑ ድምፁ ቀስ ብሎ ይነሣልና 10 ሚሊሴኮንድ ቢዘገይ ተጫዋቹ እምብዛም አይረበሽም። ክራር ግን በጣት ተነክቶ ወዲያው የሚጮኽ ነው፤ ክራር መቺው ከጣቱና ከጆሮው መካከል የገባውን ክፍተት ቶሎ ይነቃበታል፤ ከበሮና ድቤ ደግሞ ከዚያም የባሱ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚቸገረው በጆሮ ማዳመጫ የራሱን ድምፅ የሚሰማ ዘፋኝ ነው፤ ድምፁ በራስ ቅሉ አጥንት በኩል ያለ መዘግየት ስለሚደርሰው፣ ዘግይቶ ከሚመጣው ጋር እየተጋጨ ድምፁን ቆርቆሮ ቆርቆሮ ያስመስልበታል። አንድ ሰው በማሲንቆ ፈትኖ «ይሠራል» ያለውን ዕቃ ሌላው በክራር ፈትኖ «አይረባም» ሊል የሚችለው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ቀጠሮ የማፍረሱን ችግር የሚፈታው በዋነኛነት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። በእነዚህ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠራው ሊነክስ በመጀመሪያ የተነደፈው ሥራዎችን በፍትሐዊነት ለማዳረስ እንጂ አንዱን ሥራ ከሁሉ ለማስቀደም አልነበረም፤ ይህን ለመለወጥ በ2000ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሥራ፣ ከርነል የተባለውን የሥርዓቱን አስኳል በማናቸውም ቅጽበት አቋርጦ አስቸኳዩን ሥራ ማስቀደም እንዲቻል ሲያሻሽል ኖሮ፣ ሃያ ዓመት ገደማ ከፈጀ በኋላ በ2024 መጨረሻ እ.ኤ.አ. በወጣው ሊነክስ 6.12 ውስጥ ተጠቃሎ ገብቷል። ድምፅን በፕሮግራሞች መካከል የሚያመላልሰው ጃክ የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ የአሜሪካ ነዋሪ በሆነው እንግሊዛዊው ፖል ዴቪስ ተጀምሮ፣ ከአንዱ ኢፌክት የወጣውን ድምፅ ወደ ሌላው ልክ በኬብል እንደተያያዘ አድርጎ ያስተላልፋል። ከዚህ ባለፈ ባለቤቱ የሚያደርጋቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን እንዳይቀንስ ማዘዝ፣ የማያስፈልገውን ዋይፋይ ማጥፋት፣ ከአራቱ አንጎሎች አንዱን ለድምፅ ብቻ መለየት፣ በፕሮሰሰሩ ላይም የሙቀት ማብረጃ መለጠፍ። ራዝቤሪ ፓይ ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳልና፣ ማታ ቀዝቃዛ በሆነው ደጋ በሰላም የሠራ ዕቃ ቀትር ላይ በሸራ ዳስ ውስጥ መንተባተብ ቢጀምር ሊያስደንቅ አይገባም።

የአቅም ጉዳይ ሁለተኛ መሆኑን በማያሻማ መንገድ ያሳየው ቤላ የተባለው ሰሌዳ ነው። በለንደን ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ የተመራማሪዎች ቡድን ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ቤላ፣ አንድ አንጎል ብቻ ባለውና በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ጊዜ በሚመታው ቢግልቦን ብላክ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የድምፁን ሥራ ከሊነክስ ከርነል እንኳ አስቀድሞ እንዲስተናገድ በማድረግ መዘግየቱን ከአንድ ሚሊሴኮንድ በታች አውርዶታል። ብዙ እጥፍ ጉልበት ያለው ተራ ላፕቶፕ ይህን ማድረግ አይችልም።

ለጀማሪው ትልቁ መሰናክል ግን ከሶፍትዌር በፊት ይመጣል። ራዝቤሪ ፓይ ድምፅ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፤ በቀደሙት ሞዴሎች ላይ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ መውጫ ብቻ ሲሆን ጥራቱም መካከለኛ ነው፤ በራዝቤሪ ፓይ 5 ላይ ደግሞ እሱም ቀርቷል። ስለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ ወይም በሰሌዳው ላይ ባሉት እግሮች ላይ የሚቀመጥ፣ መግቢያም መውጫም ያለው ሳውንድ ካርድ መግዛት ግድ ነው፤ የሊትዌኒያው ኩባንያ ብሎካስ የሚሠራው ፒሳውንድ ለዚህ ከሚታወቁት አንዱ ነው። እስከ ሦስተኛው ድረስ ባሉት ባለ ኢተርኔት ሞዴሎች ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹና የኔትወርክ ገመዱ በአንድ መስመር ይጋፉ ስለነበር በዩኤስቢ የሚገባው ድምፅ ይቆራረጥ የነበረ ሲሆን፣ ከአራተኛው ጀምሮ መስመራቸው ተለይቷል።

ማሲንቆን ማገናኘት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በዳስ ውስጥ በማይክሮፎን ከተያዘ የጭብጨባውም የእልልታውም ድምፅ አብሮ ስለሚገባ፣ ስፒከሩም ቅርብ ከሆነ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ስለሚነሣ፣ ፒዞ የሚባለውን ሳንቲም የመሰለ ቀጭን ንዝረት ተቀባይ በሣጥኑ ላይ በተወጠረው ቆዳ ላይ፣ ከአውታሩ መቆሚያ አጠገብ መለጠፍ የተሻለ ነው። ፒዞ ዋጋው እጅግ አነስተኛ ቢሆንም ጠባየ ብዙ ነው፤ የሚሰጠውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀበለው መግቢያ ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ለምልክቱ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ አንድ ሚሊዮን ኦም ወይም ከዚያ በላይ ካልሆነ ወፍራሙ ድምፅ በመንገድ ላይ ይጠፋና ማሲንቆው እንደ ትንኝ ሲጢጥ ይሰማል። የርካሽ ሳውንድ ካርዶች መግቢያ ከዚህ በብዙ እጥፍ ያነሰ ተቃውሞ ስላለው በመካከሉ ትንሽ ቅድመ ማጉያ ማስገባት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በሶፍትዌሩ የሚያማርረው ጥፋቱ እዚህ ላይ ሆኖ ሳለ ነው።

ከሶፍትዌሮቹ መካከል ሚለር ፓኬት በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የጀመረው ፒዩር ዳታ ፕሮግራም መጻፍ ለማያውቅ ሰው የሚቀርበው ነው፤ ስክሪኑ ላይ ሣጥኖችን እያስቀመጡ በመስመር በማያያዝ ብቻ ኢኮ፣ ማጣሪያ ወይም አዲስ መሣሪያ መሥራት ይቻላልና። ጊታሪክስ የጊታር ማጉያዎችን ጠባይ ያስመስላል፤ ከፈረንሳይ የወጣው ፋውስት ደግሞ ስሌትን በአጭር ጽፎ ለየትኛውም ፕሮሰሰር ማዘጋጀት ለሚፈልግ ሰው የተሰናዳ ቋንቋ ነው። ሁሉም በነፃ የሚገኙና ውስጣቸው ክፍት የሆኑ ናቸው፤ ለወሎ ሙዚቀኛ የዚህ ክፍትነት ጥቅም ከዋጋው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ዜማው ራሱ ከተዘጋው ሣጥን ጋር አይስማማም።

ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ምድር ነው፤ የእነዚህን ቅኝቶች ዜማ እንደ ማሪቱ ለገሰ ያሉ ድምፃውያን በመላ አገሪቱ አሰምተዋል። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተስፋፋው የኦቶቲዩን አሠራር ግን የዘፋኙን ቃና እየለካ በፒያኖ ላይ ካሉት ዐሥራ ሁለት እኩል ደረጃዎች ወደ ቅርቡ ይስበዋል። አምባሰል ከዶ ቢጀመር ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ቤሞል የሚሉትን አምስት ኖታዎች የሚይዝ ነው፤ መሣሪያው ይህን ካላወቀ ዘፋኙ ከሬ ቤሞል ወደ ፋ ሲንሸራተት በመካከል ያሉትን ሬን፣ ሚ ቤሞልንና ሚን እንደ መሰላል እያስረገጠ ያወጣዋል፤ የአምባሰል ውበት ደግሞ በመንሸራተቱ ላይ ነው። አዝማሪው በማሲንቆው ላይ በጣቱ የሚይዘው ቃናም ከፒያኖው ደረጃ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ ይህ ስሕተት ሳይሆን አጨዋወት ነው። ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ውስጥ የኖታዎቹ ሠንጠረዥ የቁጥሮች ዝርዝር ብቻ ስለሆነ፣ ከአንድ ጥሩ ማሲንቆ መቺ የተለካውን የአምባሰል ልክ አስገብቶ፣ በመንሸራተት ጊዜ መሳቡን እንዲተው ማዘዝ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በተዘጋው ሣጥን ላይ ግን ፋብሪካው ካላሰበበት የሚደረግ ነገር የለም።

ይሁን እንጂ ቃና ማስተካከል የማይሻገረው ድንበር አለ። አንድ ድምፅ ስንተኛው ኖታ እንደሆነ ለማወቅ ኮምፒውተሩ ቢያንስ ሁለት ያህል ሙሉ ሞገድ ማየት ይኖርበታል፤ በሴኮንድ 110 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም የወንድ ድምፅ ለአንድ ሞገድ 9 ሚሊሴኮንድ ስለሚፈጅ፣ ለሁለቱ 18 ሚሊሴኮንድ መጠበቅ ግድ ነው። ይህ የተፈጥሮ ሕግ በመሆኑ እጅግ ውድ የሆነው ዕቃም አያመልጠውም።

ሪቨርብና ኢኮ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ከዚህ ይጠነክራል። የአዝማሪ ዋና ዕቃ ቃል ነው፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ለመፈልፈል አድማጩ እያንዳንዱን ፊደል ሳይጎድል መስማት አለበት፤ ላልቶና ጠብቆ የሚነበበው ቃል ልዩነት በአንዲት ተነባቢ መርዘም ላይ የተንጠለጠለ ነውና። ኢኮው ከግማሽ ሴኮንድ በታች በሆነ ልክ እየተመላለሰ ከተከመረ ያለፈው ቃል በሚመጣው ላይ ይወድቃል፤ ቅኔውም በዚያው ይቀራል። በየዳሱ የሚሰማው የኢኮ ብዛት ድምፅን የሚያገዝፍ ቢመስልም ግጥምን የሚያጠፋ ልማድ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም፤ ሪቨርቡ ከቃሉ በኋላ 30 ወይም 40 ሚሊሴኮንድ ዘግይቶ እንዲጀምር ማድረግ፣ ወፍራሙን ድምፅ ከሪቨርቡ ውስጥ ማጣራት፣ እንዲሁም ዘፋኙ ሲያዜም ኢኮው ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ዝም ሲል ብቻ ከፍ እንዲል ማዘዝ ይቻላል። በደቂቃ 120 ምት ባለው ጨዋታ አንዱ ምት 500 ሚሊሴኮንድ ስለሚሆን ኢኮው በዚሁ ልክ ቢቀመጥ ከጭብጨባው ጋር ይገጥማል፤ እንደ ጭቅጭቃ ምቱ ለሦስት በሚከፈልበት ጊዜ ደግሞ ሲሶው 167 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። በመንዙማም ቢሆን ድቤውና የተቀባዮቹ ጭብጨባ ምቱን ስለሚይዙት ከምቱ የወጣ ኢኮ ሐድራውን፣ ማለትም የመንዙማውን ጉባኤ፣ ያደናቅፋል።

ከሪቨርብ ዓይነቶች ለአገሩ ከሁሉ የሚስበው የአንድን እውነተኛ ሥፍራ ድምፅ የሚያስመስለው ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ዋሻ ውስጥ ፊኛ ቢፈነዳና የተከተለው ቅሪተ ድምፅ ቢቀረጽ፣ ያ ቅጂ የሥፍራውን የድምፅ ጠባይ ይይዛል፤ በኋላ ማናቸውንም ድምፅ ከዚህ ቅጂ ጋር በማባዛት ማሲንቆው በዚያ ሥፍራ እንደተመታ አድርጎ ማሰማት ይቻላል። ሁለት ሴኮንድ የሚቆይ ቅሪት 96,000 ናሙና ስላለው በቀጥታ ቢሰላ በሴኮንድ 4.6 ቢሊዮን ማባዛት ይጠይቃል፤ ትንሹን ኮምፒውተር የሚያስጨንቅ ነው። ሆኖም ኩሊና ቱኪ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ፈጣን የሞገድ ስሌትና፣ ዊልያም ጋርድነር በ1995 ቅጂውን ከትንሽ ወደ ትልቅ ከፋፍሎ ያለ ተጨማሪ መዘግየት ለማስላት ያቀረበው ዘዴ ሥራውን ወደ ጥቂት መቶኛ አውርደውታል። ዛሬ ቆመው ያሉት ሥፍራዎች እንዲህ ሊመዘገቡ ሲችሉ፣ አልቫሬዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ አይቶ የጻፈላትና በ1531 እ.ኤ.አ. በጦርነት የተቃጠለችው የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግን የግንቧ ዝና እንጂ የዜማዋ ድምፅ አልተረፈም።

ኤሌክትሪክን በተመለከተ ትንሹ ኮምፒውተር ለገጠር ከተማ ይመቻል። በ5 ዋት ገደማ የሚሠራ ራዝቤሪ ፓይ ለስልክ በሚያገለግል ባለ 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ፓወር ባንክ ኪሳራው ተቀንሶ እንኳ 12 ሰዓት ያህል ሊቆይ ስለሚችል፣ መብራት ሄዶ ስፒከሩ በጄኔሬተር እስኪነሣ ድረስ ኮምፒውተሩ አይጠፋም። ያለ ፓወር ባንክ የሚሠራ ሰው ግን መብራት በድንገት ሲቋረጥ ሚሞሪ ካርዱ ሊበላሽበት ስለሚችል ካርዱ እንዲነበብ እንጂ እንዳይጻፍበት አድርጎ መቆለፍ ይኖርበታል፤ ይህ በራዝቤሪ ፓይ የማስተካከያ ዝርዝር ውስጥ ያለ ምርጫ ነው። በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ የተቋረጠባቸው ወቅቶች እንደነበሩም ይታወቃልና፣ አንድ ጊዜ የተሟላውን ሥርዓት ከነኢፌክቶቹ በአንድ ፋይል ገልብጦ በሁለትና በሦስት ካርድ ማስቀመጥ፣ ካርዱንም ለጓደኛ ማባዛት ይቻላል፤ ሶፍትዌሩ ነፃ ስለሆነ ማባዛቱ ሕግ አያስጥስም፣ ከተጫነ በኋላም ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ሊገዛ ያሰበ ሰው ገንዘቡን በመጀመሪያ በሳውንድ ካርዱና በቅድመ ማጉያው ላይ ቢያውል፣ ኮምፒውተሩን ደግሞ ራዝቤሪ ፓይ 4 ቢያደርገው አይጸጸትም፤ በፈሩን ከ128 ጀምሮ ስንጥቅ እስኪሰማ ድረስ እየቀነሰ መፈተን፣ ፈተናውንም በክራር ወይም በከበሮ እንጂ በማሲንቆ ብቻ አለመወሰን ይገባዋል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ለሚያስተምራቸው የኮምፒውተር ተማሪዎች የአምባሰልን፣ የባቲን፣ የትዝታንና የአንቺሆዬን ልክ ከነባር ማሲንቆ መቺዎች ለክቶ፣ በአማርኛ የሚታዘዝ የኢፌክት ሶፍትዌር አዘጋጅቶ በነፃ ማደል የመመረቂያ ሥራ ሊሆን የሚችል ነው፤ መለኪያው ሲዘረጋም ማሲንቆ መቺው በእንግድነት ሳይሆን በዳኝነት ይቀመጥ።